በአንድ ግቢ ላይ ብቻ የወረደ በረዶ

ለክቡር ኢንጂነር ቭላስቲሚል ሁዴቼክ
የቬስኖቪትሴ መንደር ከንቲባ

ጉዳዩ፦ ስለ ሁለት ረጃጅምና ስለ ሦስት አጫጭር ተክሎች
ግልባጭ፦ በሱቁ በር አጠገብ ለሚገኘው የማስታወቂያ ሰሌዳ

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እርስዎም፣ የተከበሩት ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ይልቁንም ቀኝ ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? አምና በብርዱ ወራት የማዘጋጃ ቤቱን አራት ደረጃዎች ለመውጣት ሁለት ጊዜ ያርፉ የነበሩት ሰው፣ ዘንድሮ በመንደራችን ዓመታዊ በዓል እስከ መጨረሻው ፖልካ ድረስ ሳይቀመጡ ሲደንሱ ሁላችንም በደስታ ተመልክተናል። ያጽናልዎት፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

እኔ በቤት ቁጥር ሃያ ሰባት የምኖር፣ የሟቹ የግንበኛው የአሎይስ ሹምቤራ ሚስት ድራሆሚራ ሹምቤሮቫ ነኝ። ራሴን ማስተዋወቅ ባላስፈለገኝም ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በፊት እርስዎ ራስዎ በመንደሩ ድምፅ ማጉያ አስተዋውቀውኛልና። የትምህርት ቤቱን ወለል ሠላሳ ዓመት ስወለውል በሙሉ ስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም። የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ሐሙስ ሐሙስ ለሁለት ሰዓት ከሚከፈተው ቤተ መጻሕፍታችን ለቃቅሜዋለሁና በአጻጻፌ ለሚያገኙት ጉድለት ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ የተዋለልኝን ውለታ ሁሉ እንዳልረሳው በቁጥር ለይቼ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በቅበላው ጭፈራ ስላሳዩኝ ክብር። እንደሚያስታውሱት፣ ከጾሙ በፊት ባለው ቅዳሜ ጭፈራው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር የድቡን ቆዳ የለበሱት ዘንድሮ እርስዎ ነበሩ። የቤቱ እመቤት ከድቡ ጋር ስትደንስ የቻለችውን ያህል ከፍ ብላ እንድትዘል፣ እሷ በዘለለችው ልክ ለገመድ የሚዘራው ካናቢስ እንዲረዝም አባቶቻችን የደነገጉት ደንብ ነው። እኔ ቀሚሴን ይዤ ጥቂት ብድግ ብል፣ እርስዎ ከድቡ አፍ ውስጥ፣ «ከፍ ይበሉ እንጂ እማማ! ይህ ዝላይ እኮ ለጎመን እንኳ አይበቃም!» ብለው ጮኹብኝ። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም በሰባ ሦስት ዓመቴ፣ በከንቲባ ትእዛዝ፣ በገዛ ሠርጌ ላይ እንኳ ያልዘለልሁትን ዝላይ ዘለልሁ። ስለዚህ በግቢዬ የነበሩት ሁለቱ የካናቢስ ተክሎች በነሐሴ ወር ሦስት ሜትር መድረሳቸው ወንጀል ሆኖ ከተገኘ፣ በክሱ ላይ ድቡም በተባባሪነት እንዲጠቀስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ሁለተኛ፣ ቆጠራ ስላስተማሩኝ። ሕጉ ለአንድ ቤት የሚፈቅደው ሦስት ተክል ነው፤ በእኔ ግቢ ግን አምስት ተገኝተዋል። አልክድም። በሚያዝያ ዘሩን በውኃ ዘፍዝፌ፣ በባዶ የእርጎ ኩባያ በመስኮቱ ደፍ ላይ አብቅዬ፣ በግንቦት አጋማሽ ሦስቱ የብርድ ቅዱሳን በዓላቸውን ጨርሰው ውርጩን ይዘው ከሄዱ በኋላ፣ ከቲማቲሙ ጎን ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አወጣኋቸው። ከዘር የሚያበቅል ሰው ግማሹ ወንድ እንደሚሆንበት ያውቃል፤ ወንዱም ለሕመም ማስታገሻ ቅባት አይረባም፤ ዘሩ ደግሞ በሚያዝያ ቢጠይቁት ጾታውን አይናገርም። ስለዚህ አምስት ተክዬ፣ ወንዶቹ ሲለዩ ነቅዬ፣ ሕጉ የሚወዳቸውን ሦስቱን ላስቀር አስቤ ነበር። ሕጉን ያወጡት ክቡራን ሰዎች ምናልባት ዘሩን ጠይቀው የሚመልስበትን መንገድ ያውቁ ይሆናል፤ በእኛ ቤተ መጻሕፍት ግን ያ መጽሐፍ የለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ተክል ለገመድና ለከረጢት ስታመርት ወንዱ የሚነቀለው ማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ፣ አናቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ተደርጎ እንደሆነ አስተምራኛለች። ቅርንጫፉ ላይ እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠሉት ትንንሽ ፍሬ መሰል ነገሮች በደረቅ ፀሐይ ከተከፈቱ የሚወጣውን ቢጫ ዱቄት ነፋሱ የት እንደሚያደርሰው አይታወቅም። እኔም ሁለቱን ወንዶች ለይቼ፣ ሐሙስ ማለዳ ልነቅላቸው አሮጌ አንሶላ በባልዲ ዘፍዝፌ ነበር። እርስዎ ግን ከእኔ ቀድመው፣ ረቡዕ በእኩለ ቀን፣ በዚያ ነፋሻ ሙቀት፣ የማዘጋጃ ቤቱን ጠባቂ ራዲምን አስከትለው መጡልኝ።

ያን ዕለት የተባለውን ሁሉ ማታውኑ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። እርስዎ ሁለቱን ረጃጅሞች አንጋጠው አይተው፣ «እነዚህ ናቸው አደገኞቹ! ቁመታቸውን አየህ?» አሉ። ራዲም፣ «አለቃ፣ አጫጭሮቹስ?» ቢልዎት፣ «እነሱ ገና ጫጩት ናቸው፤ ሕጉም ሦስት ይላል፤ ተዋቸው!» አሉት። እኔ ፈራ ተባ እያልሁ፣ «ጌታዬ፣ ነገ ማለዳ በጤዛ ብናደርገው አይሻልም?» ብዬ ብለምንዎ የሰጡኝ መልስ በድንጋይ ላይ ሊቀረጽ የሚገባው ነው። «ወይዘሮ፣ ሕግ ጤዛ አይጠብቅም!»

ከዚያም የመጀመሪያውን አንገቱን አንቀው ነቀሉት፤ አፈሩ እንዲራገፍ ሦስት ጊዜ ከግድግዳዬ ጋር አላተሙት፤ ጥቁር ኮትዎ ከትከሻ እስከ ኪስ እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ቢጫ ዱቄት ለበሰ፤ አነጠሱም። «ይማርዎት» ብያለሁ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረጉት። ከዚያም ሁለቱን ክፍት ትራክተር ላይ አስጭነው፣ ከታችኛው ድልድይ እስከ ላይኛው መስቀል ድረስ መንደሩን በዝግታ አዞሯቸው። ይህም ሳይበቃ፣ በእሳት አደጋ ተከላካዮች ቤት አጥር ላይ «ወጣቶች ሆይ፣ ተጠንቀቁ!» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ሦስት ቀን ሙሉ በፀሐይና በነፋስ ተሰቅለው ቆዩ። በመንደራችን የትኛውም ሙሽራ እንዲህ ያለ ሽኝት ተደርጎለት አያውቅም።

አራተኛ፣ ስለ ድምፅ ማጉያው በአጭሩ። ከነሐስ ባንዱ ሙዚቃ ቀጥሎ፣ «በቤት ቁጥር ሃያ ሰባት በወይዘሮ ድራሆሚራ ሹምቤሮቫ ይዞታ ውስጥ ከሕግ ውጭ የሆነ አደንዛዥ ዕፅ ተገኝቶ ተወግዷል። እንቁላል ጣይ ቄቦች የሚሸጠው መኪና በዐሥር ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ይቆማል» ተባለ። ለቄቦቹ የተሰለፈው ሰው ከሌላው ጊዜ እንደበዛና ሁሉም ወደ እኔ መስኮት ዞሮ ይቆም እንደነበር ስገልጽልዎ ለሻጩ ያደረጉለትን ውለታ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

አምስተኛ፣ ብቸኝነቴን ስላስወገዱልኝ። ባሌ ካረፈ ጀምሮ በሬን የሚያንኳኳው ፖስተኛው ብቻ ነበር። ከማስታወቂያው በኋላ ግን፣ ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ እንግዳ ይጎርፍልኝ ጀመር፤ ሁሉም በጓሮ በኩል፣ ሁሉም መሐረብ ጨብጦ። «አክስቴ፣ የአንድ ጓደኛዬ ተክል ነው፤ አበባው ውስጥ ይህ ጠጠር የመሰለው ነገር ምንድን ነው?» ይሉኛል። መሐረቡን እፈታዋለሁ፤ ዘር ነው። በማግሥቱ ደግሞ ሌላው ይመጣል፤ የእሱም የጓደኛው ነው። በዚህ መንደር ሰው ሁሉ ይህን ያህል ጓደኛ እንዳለው በሰባ ሦስት ዓመቴ ገና አሁን አወቅሁ።

ለእያንዳንዳቸው ያስረዳኋቸውን ለእርስዎም ላስረዳ። ሴቲቱ ተክል የወንዱ ዱቄት ካልደረሰባት ኃይሏን ሁሉ ለሚያጣብቀው ሙጫዋ ታውላለች፤ ለቅባት የሚፈለገውም እሱ ነው። ዱቄቱ ከደረሰባት ግን እንደማንኛዋም እናት ኃይሏን ለልጆቿ ትሰጣለች፤ ሙጫው ይሳሳል። የአንድ ወንድ ዱቄት ለአንድ መንደር ይተርፋል፤ እርስዎ ሁለት ወንድ ይዘው ነው የዞሩት። የአውራጃው ፖሊስ በሃያ ዓመት ሊያደርገው ያልቻለውን እርስዎ በአንድ ቀትር ፈጽመውታል። ከባቄላ አጥር ጀርባ፣ ከበቆሎው መሐል፣ ከዶሮ ቤት ኋላ የተደበቀው ሁሉ ተገኝቷል፤ ያገኘውም ነፋሱ ነው። እነማን እንደሆኑ ዝርዝሩን አልሰጥም። ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ከዚያ በላይ አልናገርም።

ስድስተኛ፣ ወደ አርቡ የመንደሩ ምክር ቤት ስብሰባ ልምጣ። «ከመንገድ በሚታይ ቦታ የበቀለ ማንኛውም የካናቢስ ተክል በማግሥቱ ቅዳሜ ይወገድ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ እንዳቀረቡ በሰሌዳው ላይ አንብቤአለሁ። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ አንድ ቃል እንኳ አልተረፈውም። እኔም ሐሳቡን ይዤ መንደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ሄድሁበትና፣ ከመንገድ የሚታየው የእኔ ሦስቱ ብቻ እንደሆነ አረጋገጥሁ። የሌላው ሰው ሁሉ አጥር አለው። የእኔን በመንገድ በኩል ያለውን አጥር አሎይስ ሊሠራው ድንጋይ ከምሮ ነበር፤ አልደረሰበትም።

እነዚያ ሦስት ተክሎች የማን እንደሆኑ ሊያውቁ ይገባል። በስም የእኔ ናቸው፤ በአገልግሎት ግን የአሎይስ እኅት የእትዬ አኔሽካ ናቸው። ለመጀመሪያ ቁርባንዎ የለበሱትን ነጭ ሸሚዝ የሰፋችውን አኔሽካን ማለቴ ነው። ዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ እንደ ወፍ እግር ተጨብጠው ቀርተዋል። ሐኪሙ የሰጣትን ክኒን ሆዷ አልቀበል አለ። ጠዋት ጠዋት የእሷንና የእኔን ጓሮ በሚለየው አጥር ሽንቁር አልፌ ሄጄ፣ ደረቁን አበባ በቀለጠ የአሳማ ስብ በዝግተኛ እሳት አብስዬ በሠራሁት ቅባት ግማሽ ሰዓት ያህል አሻታለሁ። ያኔ ጣቶቿ ማንኪያ የሚይዙበትን ያህል ይላቀቃሉ። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ እንደ ግንበኛ እጅ ነው፤ ቀስ በይ እንጂ!» እያለች ትሰድበኛለች፤ ከዚያ ሾርባዋን ራሷ ትጠጣለች። ይኸው ነው ወንጀሉ።

ከአምናው ቅባት የቀረው ጭላጭ ነው። ሦስቱ ተክሎች፣ ዘር የሞላባቸው ቢሆኑም፣ በመስከረም መጨረሻ እስከሚውለው የቅዱስ ቫትስላቭ በዓል ቢቆዩ የሳሳም ቢሆን ለብርዱ ወራት የሚሆን ይገኝባቸዋል። ቅዳሜ ከተነቀሉ ግን ባዶ ማሰሮ ይዘን እንገባለን፤ አኔሽካም ሾርባዋን እስከ ፀደይ ከእኔ እጅ ትጠብቃለች። የምጠይቀው የሦስት ሳምንት ጊዜ ብቻ መሆኑን ልብ ይሉልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

የሚቀጥለው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

በእኔ ግቢ ይህን ተክል የነቀለው የመጀመሪያው ሰው እርስዎ አይደሉም። ከስምንት ዓመት በፊት አሎይስ አጥንቱ ውስጥ በገባው ደዌ ሲሠቃይ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ዘር ተቀብሎ በዚያው ግድግዳ ሥር ሦስት ተክል አቆመ። ያኔ ጉዳዩ እንዲህ እንደ ዛሬው በሕግ አልተፈቀደም ነበር፤ ሰውም ያወራ ነበር። እሱ በከዘራው እየተደገፈ ወጥቶ ውኃ ያጠጣቸዋል፤ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ መኪና በዘገየ ቁጥር፣ ማን አየን ብዬ በመጋረጃው አጮልቃለሁ። በነሐሴ ወር ለሁለት ቀን ሆስፒታል ገባ። እኔም በሁለተኛው ቀን ሦስቱንም ነቅዬ ወደ ወንዙ ወረወርኋቸው። ተመልሶ ሲመጣ፣ «ምን ሆኑ?» አለኝ። «በረዶ ነው። በረዶ ወርዶ አወደማቸው» አልሁት። ባዶውን አፈር ትንሽ አይቶ፣ «በረዶ ከሆነማ ምን ይደረጋል» አለና ገባ። እስከ ኅዳር በሕይወት ቆየ። እንዴት እንደቆየ አልጽፍም፤ ማታ ማታ ግድግዳውን ይይዝ ነበር፤ የራሱን ሥራ፣ ራሱ የለሰነውን ግድግዳ።

ቤተ መጻሕፍቱን የለመድሁት ከዚያ በኋላ ነው። የነቀልሁት ምን እንደነበረ ለማወቅ ፈልጌ ጀመርሁ። አወቅሁም፤ ዘግይቶ።

ባለፈው እሑድ፣ የእርስዎን የውሳኔ ሐሳብ ባነበብሁ ማግሥት፣ የአኔሽካን እጅ እያሸሁ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልነገርኋት ወንድሟን የከዳሁት እኔ ስለሆንሁ ነው። እጇን ትነጥቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን፣ «አንቺ ቂል! እኔ እኮ አጥርሽ ሥር ነው የምኖረው። ያን ሳምንት ባቄላዬ አንድ ቅጠል አልጎደለውም» አለችኝ። «እና ለእሱ አልነገርሽውም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ምኑን እነግረዋለሁ? እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ ባቄላዬን ሲያይ ቆየና፣ ‹አኔሽካ፣ ይገርማል፤ በረዶው በእኛ ግቢ ላይ ብቻ ነው የወረደው› ብሎኝ ሳቀ። ‹ተያት፤ ፈርታ ነው› አለኝ። በይ አሁን አውራ ጣቴን እሺው፤ ቅባቱ እየደረቀ ነው» አለችኝ።

ክቡር ከንቲባ፣ በአንድ ግቢ ላይ ብቻ የሚወርድ በረዶ ከሰማይ እንደማይመጣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ በዚህ መንደር የለም። እኔ ያወረድሁት ፈርቼ ነው፤ የፈራሁትም ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። እርስዎ በአርቡ ስብሰባ ሊያወርዱት ያሰናዱት ከምን የመጣ እንደሆነ መጠየቅ የእኔ ድርሻ አይደለም። ይሁን እንጂ በረዶውን አንድ ጊዜ አውርጄ ስምንት ዓመት የኖርሁበት ስለሆንሁ፣ ከልምድ የማውቀውን ላካፍልዎ፤ ሲያወርዱት ቀላል ነው።

ስለሆነም አርብ ምሽት አኔሽካን በተሽከርካሪ ወንበሯ እየገፋሁ መጥቼ፣ ከመድረኩ ፊት ባለው ረድፍ እንቀመጣለን። እጆቿን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። የእነዚያ ዐሥራ አንድ ሰዎች ጓደኞችም በአዳራሹ ውስጥ እንደሚገኙ ሰምቻለሁ። ድምፅ ሲሰጥ እጅዎን ከማንሣትዎ በፊት የእሷን እጅ አንድ ጊዜ እንዲያዩልኝ ብቻ እለምናለሁ። ካዩት በኋላ የፈቀዱትን ያድርጉ። እኔ ቅዳሜ ማለዳ ከቤት አልወጣም፤ ወደ ወንዙም አልሄድም። ተክሎቹ ፊት ወንበር አውጥቼ፣ ብርድ ልብስ ደርቤ፣ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ። ሊነቅል የሚመጣ ሰው መጀመሪያ «ወይዘሮ ይነሡልኝ» ማለት ይኖርበታል። እኔ ደግሞ፣ ከቅበላው ጭፈራ ወዲህ እንደሚያውቁት፣ ከተቀመጥሁበት ብድግ ለማለት ብዙ ጩኸት ያስፈልገኛል።

ለፈጸሙልኝና ገና ሊፈጽሙልኝ ላሰቡት መልካም ነገር ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜና ጤና፣ ብሩህ ዓይንና ደህና ጉልበት እየተመኘሁልዎ፣ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ለከንቲባነትዎ ታዛዥ፣ ለነፋሱም ምስክር የሆንሁ፣
ድራሆሚራ ሹምቤሮቫ
በድምፅ ማጉያው የቤት ቁጥር ሃያ ሰባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዐሥራ ሁለተኛዋ እንግዳዬ የመጡት በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር ነው። መሐረባቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ፈትተው፣ «እኔ ጓደኛ የለኝም፤ የራሴ ነው» አሉኝ። የተከበሩት ባለቤትዎ ናቸው። «ከባቄላው ጀርባ ሦስት አሉኝ፤ ለእሱ ጉልበት ነው። ከፋርማሲ የመጣ፣ የፈረስ ቅባት የሚሉት የጡንቻ መድኃኒት ነው ብዬ ነው የምቀባው፤ እውነቱን ቢያውቅ አይቀባም፤ ካልተቀባ ደግሞ በየደረጃው ያቃስታል» ብለውኛል። ይህንን ሳልጽፍ ልተወው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ጻፊው! እኔ ስነግረው አይሰማም፤ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ግን ያነባል» አሉ። እንግዲህ ከዚህ ጋር በፖስታ የላክሁልዎ ዐሥራ ሁለት ፍሬ ዘር የእነዚያ የባለቤትዎ ተክሎች ልጆች ናቸው፤ የአባታቸውን ዱቄት በኮትዎ የተሸከሙት ራስዎ ነዎትና ለእርስዎም የሥጋ ዘመድ ያህል ናቸው። የዘንድሮው ቅባት ስለሚሳሳ በብርዱ ወራት ደረጃ ሲወጡ ይጠንቀቁ። ከግንቦቱ የብርድ ቅዱሳን በኋላ ይትከሏቸው፤ በነሐሴ ወንዱ የትኛው እንደሆነ ግራ ከገባዎት ባለቤትዎን ይጠይቁ፤ ሲነቅሉም ማለዳ ይሁን። ሕግ ጤዛ እንደማይጠብቅ ነግረውኛል፤ ጉልበትዎ ግን ቢጠብቅ ይሻለዋል።